በሙታን ሳጥን ውስጥ የገባ ስም

ከመንደር ወሬ ለቅሜ ያመጣሁት አይደለም። የደረሰበት ሰው ራሱ ሸምግሎ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ነው የነገረኝ። ላታምኑኝ ትችላላችሁ... እኔም መጀመሪያ አላመንኩትም ነበር።

አስፈሪ ነገር ሁሉ እኩለ ሌሊት ላይ የሚሆን የሚመስላችሁ ካላችሁ ደግሞ ተሳስታችኋል። ይሄ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ባይሆንም በቀን ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ታኅሣሥ 1955 ዓ.ም.፣ መንዝ ውስጥ፣ ከጓሳ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ጎጆ ደጃፍ።

ሰውየው ኃይለመስቀል ይባላል። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አስመራ፣ መነኩሲቶች በሚያስተምሩበት የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ፍልስፍና ይማራል፣ ታሪክ ይማራል፣ ላቲን ይማራል... ሁሉንም በጣልያንኛ።

አባቱን አያውቅም። ወንድም እኅት የለውም። በዚህ ዓለም ላይ ያለችው እናቱ ጌታነሽ ብቻ ናት፤ እሷም መንዝ ላይ ጥቂት በጎች ይዛ፣ የበግ ፀጉር እየፈተለች ብቻዋን ትኖራለች።

ስትሸኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመነችው።

«ትምህርታቸውን ተማር፣ ሃይማኖታቸውን ተውላቸው። ብቻ በሞቴ... የክርስትና ስሜን ለቄስ እየሰጠህ አስጸልይልኝ።»

የክርስትና ስሟ አስካለ ማርያም ነው። በእኛ አገር የክርስትና ስም እንደ ዋዛ አይነገርም፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል ይባላል። የእሷን የሚያውቁት የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ጻድቅና ልጇ ብቻ ነበሩ።

ኃይለመስቀል እሺ አለ። ቃሉን ግን አጠፈ።

ፈተናው፣ ንባቡ፣ የቋንቋው ጭንቅ... ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ የእናቱን ስም ለቄስ ሳይሰጥ ቀረ። ሲተኛ ትዝ ይለውና ያፍራል። ሲነሳ ይረሳል።

ብቸኛ ነበር። ተማሪዎቹ በመንዝኛ አነጋገሩ ሲስቁ ጊዜ አነጋገሩን ተወው። መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ቀጥሎ ቃሉን እንደ ከተሜ ማለስለስ ጀመረ፣ በሦስተኛው ዓመት አማርኛውን ራሱ እንደ ጣልያን እየሳበ ይናገረው ነበር። ማንም አልሳቀበትም። ማንም ግን ጓደኛው አልሆነም፤ ከገብረ አማኑኤል በቀር። እሱ የከረን ልጅ፣ ካቶሊክ፣ መኝታ ክፍል የሚጋራው ነው።

በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጀመሪያ፣ አንድ ጠዋት፣ ገብረ አማኑኤልን ሊፈልግ ወደ ጸሎት ቤቱ ገባ።

ተማሪው ሁሉ በትናንሽ ወረቀት ላይ ስም ይጽፋል። እየጻፈ መንበሩ ፊት ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይከታል።

በእኛ አገር ስም ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፤ ለሞተም፣ ለቆመም። ስለዚህ ኃይለመስቀል ማንንም አልጠየቀም። ደስ አለው እንጂ። «ዛሬስ እዳዬን ከላዬ አወረድኩ» አለ በልቡ። ብዕሩን አወጣና «አስካለ ማርያም» ብሎ ጽፎ ሳጥኑ ውስጥ ጣለው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወሩን ሙሉ፣ በየዕለቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በዚያ ሳጥን ላይ ተቀደሰ። እሱ ኦርቶዶክስ ስለሆነ አይገባም። ደወሉን ብቻ ከአልጋው ሆኖ ይሰማል። ሲሰማ ለእናቴ እየተጸለየላት ነው ብሎ ይደሰታል።

ወሩ ሲያልቅ፣ በግቢው ጥግ ወረቀት ሲቃጠል አየ።

«ምንድን ነው የሚያቃጥሉት?»

«የሙታኑን ስም ነዋ» አለ ገብረ አማኑኤል። «ኖቬምበር እኮ የሙታን ወር ነው። አንተም ስትጽፍ አይቼሃለሁ... ማን ሞቶብህ ነው?»

ኃይለመስቀል ወደሚቃጠለው ወረቀት ዞረ።

በሕይወት ባለች እናቱ ላይ ወር ሙሉ ፍትሐት አስፈትቶባት ነበር።

ወደ መነኩሲቶቹ አለቃ ሮጠ። አሮጊት ናቸው፣ ደግ ናቸው። ሰምተውት ሳቁ።

«የሞተውንና ያለውን እግዚአብሔር ለይቶ ያውቃል፣ ልጄ። ሂድና ፈተናህን አጥና።»

እውነታቸውን ነው። ደግሞስ ፍልስፍና የሚማር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያምናል? ኃይለመስቀል አላምንም አለ። ደጋግሞ አላምንም አለ። ነገር ግን እናቱ በየወሩ በአባ ወልደ ጻድቅ እጅ የምታስጽፈው ደብዳቤ ነበር። ኖቬምበር ከገባ ወዲህ አልመጣም።

ትምህርት ቤቱ ለፈረንጆቹ ገና እንደተዘጋ አውቶቡስ ተሳፈረ። በሦስተኛው ቀን ካራቆሬ ወርዶ አደረና በማግሥቱ ሲነጋ ዳገቱን በእግሩ ጀመረ። ጓሳ ላይ ሲወጣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ጉም ነው። አሥር እርምጃ ፊት ለፊት አይታይም።

ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ሣር የጫነች አህያ እየነዳ መጣ። አባይነህ ነው፣ የእናቱ ጎረቤት።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ... ኃይለመስቀል። የጌታነሽ ልጅ።»

አባይነህ አህያዋን አቆመ። ቀረብ ብሎ ግን አልሳመውም።

«ከየት ትመጣለህ?»

«ከአስመራ ነዋ። አሁን መግባቴ ነው። እናቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።» አባይነህ የጭነቱን ገመድ ያለ ምክንያት ጠበቅ አደረገ። «ደህና ናት... ጠዋት ጠዋት ከአንተ ጋር ስታወሩ እንሰማችሁ የለም እንዴ?»

«ከማን ጋር?»

አባይነህ አህያዋን ቸብ አደረጋትና አለፈ። ጉሙ ከዋጠው በኋላ የአህያዋ ኮቴ ወደ ሩጫ ሲለወጥ ተሰማ።

አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ቤት ደረሰ።

እናቱ በር ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። በሕይወት አለች! ኃይለመስቀል እልል ማለት ቃጣው። ተንደርድሮ አቀፋት፤ ጉንጯ ሙቅ ነው፣ ትንፋሿ ሙቅ ነው። አላምንም ሲል የከረመው ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እሷ ግን አላለቀሰችም።

«ዛሬ ደግሞ ማታ መጣህ?» አለችው።

ያን ጊዜ ነው ዙሪያውን ማየት የጀመረው። በዚያ ብርድ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መወርወሪያው ተነቅሎ ተጥሏል። ደጃፉ ላይ ሁለት አጎዛ ተነጥፏል። አንዱ ላይ የእሷ እንዝርት አለ። ሌላው ላይ ምንም የለም... በእጁ ሲዳስሰው ግን ሰው አሁን እንደተነሳበት ይሞቃል።

«እማዬ... ጠዋት የሚመጣው ማነው?»

«አንተ ነህ እንጂ!» ሳቀች። «ጥቅምት መገባደጃ ላይ አይደል የጀመርከው? መጀመሪያ ከጓሳ ማዶ ነበር የምትጠራኝ። አስካለ ማርያም! ትላለህ። ኋላ ከወንዙ። ኋላ ከበጎቹ በረት። አሁን እደጄ ድረስ ትመጣለህ። ግባ ስልህ አንቺ ውጪ ትለኛለህ።»

እጁን ከአጎዛው ላይ አነሳ።

«መልኩን... አየሽው?»

«ድምፅህን አጥቼው? ደሞስ ያን ስም ከአንተና ከአባ በቀር ማን ያውቀዋል?»

«ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ነገ እወጣለሁ ብዬህ የለ» አለች። እንዝርቷን አነሳች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስፈትል ኖርኩ፣ ልጄ። ከእንግዲህስ በቃኝ።»

ኃይለመስቀል ፀሐይ ሳትጠልቅ አባ ወልደ ጻድቅ ቤት ደረሰ። አንድም ሳያስቀር ተናዘዘ። ወረቀቱን፣ ሳጥኑን፣ ወር ሙሉ የተደረሰውን ቅዳሴ።

አባ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ደብዳቤ ልጻፍልሽ ስላት እንቢ አለችኝ» አሉ። «ልጄ በየጠዋቱ ይመጣ የለም፣ ደብዳቤ ምን ያደርግልኛል አለችኝ። ብቸኝነት ያናገራት መስሎኝ ነበር።»

«ምን ላድርግ፣ አባቴ?»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የእኔ ጸሎት እሷን አይመልሳትም፤ ስሟን አሳልፈህ የሰጠኸው አንተ ነህ። አንተው ጥራት። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ስም። ለአንተ አቤት ካለች ትቀርልሃለች። ለወዲያኛው አቤት ካለች ግን...»

«ወዲያኛው ማነው?»

አባ መስቀላቸውን አሳለሙት።

በዚያ ሌሊት የሆነ ነገር የለም። እናቱ እንቅልፍ ጥሏት አደረ፤ እሱ እግሯ ሥር ተቀምጦ አነጋ።

ሲነጋ ሜዳው በአመዳይ ነጥቷል። ጉሙ እስከ አጥሩ ወርዷል።

እናቱ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ደጃፉ ላይ ቆመች። እጇን ያዘው። ሰዓቱን አየ። ለአንድ አምስት ጉዳይ ነው።

በጎቹ ዝም አሉ። ሲያመነዥኩ የነበሩት ሁሉ አፋቸውን ገጠሙ።

ከዚያ...

«አስካለ ማርያም!»

ከአጥሩ ማዶ ነው። የኃይለመስቀል ድምፅ ነው። ግን የዛሬው ድምፁ አይደለም። ከጋራ ጋራ የሚጣራው፣ ሻካራው፣ ከመንዝ ሳይወጣ በፊት የነበረው ድምፁ ነው። ሰምቶት ራሱ ናፈቀው።

«አስካለ ማርያም!» ብሎ እሱም ጮኸ።

እናቱ ዞር አለች። ልቡ በተስፋ ዘለለ።

«አስካለ ማርያም! እኔ ነኝ!»

ትክ ብላ አየችው። ቃሉን ሲናገር ራሱን ሰማው፤ ለስላሳ ነው፣ የተሳበ ነው፣ የባዕድ ነው። የድሮውን ሊያወጣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ጮኸ። አጣው። ማንም አልወሰደበትም፤ እሱው ነው አፍሮበት የጣለው።

«እማዬ...» አለ ከጉሙ ውስጥ ያለው። ቀስ ብሎ ነው። «ነይ ውጪ። ብርድ ነው።»

እናቱ እጇን ከእጁ አላቀቀች። በቁጣ አይደለም፤ አንድ በአንድ፣ ጣቶቹን እያላቀቀች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጌታዬ» አለችው፣ ለእንግዳ ሰው እንደሚነገር። «ከሩቅ አገር መጥተው ደክሞዎታል። ቤቱ ቤትዎ ነው፣ ይረፉ። ልጄ እየጠራኝ ነው።»

«እማዬ! ልጅሽ እኔ ነኝ!»

«አቤት!» አለች።

ለእሱ አልነበረም።

አመዳዩን በባዶ እግሯ እየረገጠች ወጣች። እሱም ወዲያው ተከትሎ ሮጠ፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ ግን ጉም ብቻ ነበር። ወንዙ ድረስ ወረደ። በረቱን ዞረ። ስሟን ሲጠራ ሲጠራ ድምፁ ተዘጋ። ከፊት ለፊቱ የሁለት ሰው ጨዋታ ይሰማዋል፤ ሲቀርበው ይርቃል። እናቱ ስለ በጎቹ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ጎረቤት ትናገራለች፤ ያኛው «እህ... እህ» እያለ ያዳምጣታል። እሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላዳመጣትን።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ተመልሶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። አባይነህ በአጥሩ በኩል መጣ። አየው። ትናንት ጉም ውስጥ ያገኘው ሰው መሆኑን ያወቀ አልመሰለም። ኮፍያውን አወለቀለት።

«ጌታው፣ ማንን ፈልገው ነው? የቤቱ ሰዎች ወጥተዋል።»

«አባይነህ... እኔን አታውቀኝም?»

«ይቅርታ፣ አላወቅኩዎም። እናትና ልጅ ጠዋት ሲሻገሩ አይቻቸዋለሁ፤ ወደ ጓሳ ወጥተዋል።» አባይነህ በእጁ ማዶውን አሳየው። «ያውልዎ፣ ገና አልራቁም።»

ኃይለመስቀል ቀና አለ።

ጉሙ በማዶው ዳገት ላይ እንደ መጋረጃ ተከፍሎ ነበር። አንድ ወጣት ጀርባውን ሰጥቶ ሽቅብ ይወጣል። አሮጊት አዝሏል። ዳገቱ ምንም አልከበደውም፤ አይቸኩልም፣ ዞሮም አያይም። እሷ አገጯን ትከሻው ላይ አስደግፋ በጆሮው ታወራዋለች። ባዶ እግሮቿ በሁለቱ ጎኖቹ እንደ ሕፃን ልጅ እግር እየተወዛወዙ ነበር።