የጋሽ ገብረ መድኅን ማርሽ

ጋሽ ገብረ መድኅን ሀና ማርያም ባለው ግቢያቸው፣ ከአሮጌው የጣሊያን ሳይክላቸው አጠገብ፣ ጭንቅላታቸው የደረጃውን ጠርዝ መትቶ ሞተው የተገኙት እሁድ ረፋድ ላይ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «ወድቀው ነው» አለ። ኢንስፔክተር ገዲሴ ግን «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ባይ ናት። የሟች ሸሚዝ ደረቱ ላይ ተጨምድዶ፣ ቁልፉ ተበጥሷል። ብቻውን የሚወድቅ ሰው ደግሞ የገዛ ደረቱን አይጨመድድም።

ሰውየው በወጣትነታቸው የሳይክል ተወዳዳሪ ነበሩ። ግራ እጃቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ ግን ፔዳሉን እያዞሩ ድምፁን ከማዳመጥ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። ብቸኝነት ሰውን እንዲህ ያደርገዋል። ግቢያቸውን የሚረግጡት የእህታቸው ልጅ ፅጌረዳ፣ ተከራዩ የታክሲ ሾፌር ሉቃስና የድሮ መካኒካቸው ጋሽ ወጋየሁ ብቻ ናቸው።

ገዲሴ ከሉቃስ ጀመረች። «ትናንት ማታ አይተሃቸዋል?»

«አዎ። ማርሹ አልቀይር ብሏቸው ሲነጫነጩ ነበር። የሁልጊዜ ነገር ነው።»

«አንቺስ?»

«አጎቴን ጀሞ እኔ ጋ ልወስደው ነበር» አለች ፅጌረዳ እያለቀሰች። «አራተኛ ፎቅ ሳይክል አይገባም። ለሰው ሊሰጠው ተስማምተን ነበር።»

«እርስዎስ ጋሽ ወጋየሁ?»

«አሞኝ ከቤት አልወጣሁም። መርዶውን ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

ገዲሴ ፔዳሉን አዞረች፤ መቀየሪያዋን ገፋ አደረገች። ካቴናው ከጥርስ ወደ ጥርስ ያለ ኮሽታ ተሻገረ። ደግማ ሞከረችው።

«የዚህ ዕቃ ታሪክ ምንድን ነው?»

የወጋየሁ ፊት በራ። «ከእኛ እኩል ያረጀ ነው። ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ስፕሪንጉ ቢሰበር ከስፌት መኪና አውጥቼ ገጠምኩለት። ያን ቀን አሸነፍን! ከዚያ ወዲህ ከኔ እጅ በቀር አይታዘዝም።»

ገዲሴ ሦስቱንም ሳይክሉ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ትናንት ማታ ማርሹ አይሠራም ነበር፤ አሁን ይሠራል። ለማስተካከል ሽቦውን ባንድ እጅ ወጥሮ ብሎኑን በሌላው ማጥበቅ ይጠይቃል። ሟች ያን አይችሉም። ከእርስዎ እጅ በቀር እንደማይታዘዝ ደግሞ አሁን ነገሩኝ። ጋሽ ወጋየሁ፣ ዛሬ ጠዋት እዚህ ነበሩ።»

ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ሠርቼ ስጨርስ ‹ሳይክሉን ልሰጠው ነው፤ ከእንግዲህ አትድከም› አለኝ። አትድከም! ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እሁድ የምሄድበት ሌላ ቤት የለኝም። ደረቱን ይዤ ገፋሁት... መግደልስ አላሰብኩም።»

ፅጌረዳ እንባዋን ጠረገች። «ማርሹ ከዚያ ውድድር ወዲህ ተበላሽቶ አያውቅም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብሎኑን የሚያላላው ራሱ ነበር። ‹ካልተበላሸ ወጋየሁ ምን ብሎ ይመጣል?› ይለኛል። ዛሬ ግን ‹አትድከም፤ ጀሞ ዝም ብለህ ና› ሊልዎት ነበር። አላስጨረሱትም።»

ወጋየሁ እጃቸውን ዘርግተው ፔዳሉን አንዴ አዞሩት። ገዲሴ ክንዳቸውን ደግፋ አስነሳቻቸው።