ከመደርደሪያው የጎደለው ዓመት

ጋሼ ወልደየሱስ ኮሎምበስ ከተማ ሂልቶፕ ሠፈር ባለው ቤታቸው፣ የቤዝመንቱ ደረጃ ሥር ሞተው ሲገኙ በቀኝ እጃቸው ጭብጥ ውስጥ የካርቶን ቅዳጅ ነበረ። ፖሊሱ አላየውም ማለት አይደለም፤ አይቶ ንቆታል። ዙልፋ ግን ነገር መናቅ አታውቅም። ደሴ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ አሁን የካውንቲው የሟቾች ምርመራ ሠራተኛ ናት። አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ ደግሞ አልፈጠረባትም፤ ስትጠይቅም እየተንጎራደደች ነው።

ሟቹ ፒያኖ ያስተምሩ ነበር። አሮጌ የሙዚቃ ወረቀት እየሰበሰቡ በተጻፈበት ዓመት ለይተው በካርቶን ሣጥን ያኖራሉ። በማግስቱ በሠፈሩ ላይብረሪ የ1876ን ሙዚቃ የሚያሳይ ዝግጅት ሊከፍቱ ነበር፤ በዚያ ዓመት አውሮፓ ትልልቅ ሲምፎኒ ሲያደምጥ፣ የኮሎምበስ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ፒያኖ ከቦ ምን ይዘፍን እንደነበር።

ሬሳውን ያገኘው ተከራያቸው ሲሞን ነው። በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ሲሆን ሪከንባከር በሚባለው አካባቢ ዌርሃውስ ውስጥ ይሠራል። አሻራው በየሣጥኑ ላይ ስላለ ፖሊሱ ከእሱ አልፎ መሄድ አላሰኘውም።

«እትዬ ዙልፋ፣ ሚስቴ በሚቀጥለው ወር ትገባለች» አለ፣ የጃኬቱን ዚፕ እየዘጋ እየከፈተ። «አሁን አሬስት ካደረጉኝ ፕሮሰሷ ሁሉ አበቃለት።»

«አብሽር። አሻራህ ሣጥኖቹ ላይ ምን ይሠራል?»

«ሌብል ያደረግኳቸው እኔ ነኛ። እሳቸው ዓመቱን ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ደብሊን ከሚባለው የከተማው ዳርቻ የመጣው የሟቹ ወዳጅ ፍቅሬ ነው፤ ቫዮሊን ይጫወታል። ባለፈው ሳምንት ተጣልተው ነበር።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ክላሲኩ ይቅደም አልኩት፤ የሠፈሩ ዘፈን ይቀድማል አለኝ። ለዚህ ሰው አይገደልም። ወልደየሱስ ግትር ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚህ ኖሮ፣ ሐኪም ቤት ፎርም ላይ ልደቱን 1944 ብሎ ይሞላል። ነርሶቹ በስምንት ዓመት ያስረጁታል።» ሊስቅ ብሎ ዓይኑ እንባ ሞላ።

ሦስተኛዋ የወንድማቸው ልጅ ሔራን ናት። አሜሪካ የመጣችው በሁለት ዓመቷ ነው፤ ፒያኖ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አሁን ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ታሪክ ታስተምራለች።

«ስለ አንድ የ1876 ዘፋኝ መጽሐፍ ልታወጪ ነው አሉ» አለቻት ዙልፋ።

«ዘፋኝ አይደለም፣ ኮምፖዘር። የቲያትር ቤት ባለቤትም ነበር።»

«ይሁን። ትናንት ቤዝመንት ወርደሽ ነበር?»

«ኔቨር ወርጄ አላውቅም፤ የአቧራ አለርጂ አለብኝ። አጎቴ ኮል አድርጎ የ1876 የእጅ ጽሑፍ አገኘሁ፣ በዝግጅቱ ላይ ይወጣል አለኝ። በቃ።»

ዙልፋ ብቻዋን ወረደች። አርባ ሣጥን ተደርድሯል። 1875 እና 1877 በሚሉት መካከል የአንድ ሣጥን ስፋት ያህል አቧራ ያልነካው ቦታ አለ። ሣጥኖቹን ገፋ ገፋ አድርጋ ክፍተቱን ዘጋችና ለማንም ሳትነግር ሁሉንም ጠራች። ፖሊሱም እጁን አጣምሮ ደረጃው ላይ ቆመ።

«ነገ ዝግጅቱ አይቀርም» አለች። «የ1876ቱን ሣጥን ማን ያወርድልኛል?»

ፍቅሬ ሳያመነታ አንዱን ሳበ።

«ጋሼ ፍቅሬ፣ ተሳስተሃል» አለች ሔራን ቀልጠፍ ብላ። «እሱ 1868 ነው እኮ። የ1876ቱ የለም።»

ዙልፋ መንጎራደዷን አቆመች።

«መጥፋቱን ለፖሊሱም አልነገርኩም። ወርጄ አላውቅም ያልሽበት ቤዝመንት ውስጥ፣ ከአርባ ሣጥን አንዱ እንደሌለ በምን አወቅሽ?»

«አሁን አየሁት።»

«እሺ፣ እሱን ልተውልሽ። ጋሼ በእጃቸው የያዙት የካርቶን ቅዳጅ ነው፤ ሣጥን ከሰው ጋር ሲጓተቱ ነው የወደቁት። የሄደው 1876 የሚለው ነው። ፍቅሬ ግን የቱን አወረደ?»

«ወልደየሱስ የሚቆጥረው በኛው ዘመን አቆጣጠር ነዋ» አለ ፍቅሬ። «የፈረንጁ 1876 ጁላይ፣ በኛ 1868 ሐምሌ ነው።»

«ሲሞንም ያውቃል» አለች ዙልፋ፤ «በእጁ ነው የጻፈው። ሁለቱ ቢሰርቁ ኖሮ 1868ን ነበር የሚወስዱት። ቁጥሩን እንደ ፈረንጅ ያነበበ ሌባ ብቻ ነው የሚሳሳተው። እንቁጣጣሽ መስከረም መሆኑን ታውቂያለሽ፣ ሔራን፤ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሚገባ ግን አንድም ቀን ጠይቀሽ አታውቂም።»

ሔራን ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«በመጽሐፌ የኮምፖዘሩ ነው ያልኩትን ዘፈን የሠራችው አንዲት ሴት ናት አለኝ። መጽሐፌ ሊወጣ ነው... ሕዝብ ፊት ሊያዋርደኝ ነበር። አልገፋሁትም። ሣጥኑን ሳብኩት፣ ካርቶኑ ተቀደደና እሱ ወደቀ። ፈርቼ ሣጥኑን ይዤ ሄድኩ። ስከፍተው የልጆች መልመጃ ብቻ ነው ያለው።»

«ይተነፍሱ ነበር?»

ሔራን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፍቅሬ የያዘውን ሣጥን ከፈተ። የ1876ቱ የእጅ ጽሑፍ እዚያው ነበር፤ ከታች አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ልብስ አጣቢ ስሟን ፈርማበታለች። ከላዩ ጋሼ ወልደየሱስ ለመክፈቻው የጻፉት ንግግር በአማርኛ ተጣብቋል። ሔራን የአማርኛ ፊደል አታነብም።

«ምን ይላል?» አለች።

ሲሞን ተቀብሎ አነበበላት። «ይህን ወረቀት ያገኘችው የወንድሜ ልጅ ሔራን ናት። ጥያቄውን ያነሳችው እሷ ናት፤ እኔ ሣጥን ብቻ ነው ያገላበጥኩት። ከእኔ ይልቅ እሷ ትንገራችሁ።»

ፖሊሱ የሲሞንን ክንድ አልፎ ወደ እሷ ሄደ። ሔራን እጇን ሰጠችው።

«እኔ አይደለሁም ያገኘሁት» አለች። «አጎቴ ነው።»

ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታርም ኖራለች፤ አጎቷን ግን ያረመቻቸው ያን ቀን ብቻ ነበር።