ሰው ማንሻው የትኛው ነው?

ማርያማዊት ያን ቀን የሰው በር ልትሰብር ምንም አልቀራትም። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ የተከራየቻት ክፍል ከአንድ ጌም ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራለች። እዚያ ቤት ከጠዋት ጀምሮ ይተኮሳል። መትረየሱ፣ ቦምቡ፣ ሄሊኮፕተሩ፤ ጦርነት የናፈቀው ሰው ያለ ይመስል ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍተውት ይውላሉ። እሷ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ውሎዋ ሆስፒታል ስለሆነ ችላው ኖራለች። አባቷ ግን እንዴት ይቻሉት?

አባቷ አቶ ሙላት ከሉማሜ የመጡት ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ነው። የድሮ ወታደር ናቸው። ዓይናቸው በፋሻ እንደተሸፈነ ብቻቸውን ትታቸው ሥራ ሄደች፤ ስትመለስ አልጋው ባዶ ነው። አልጋው ሥር በደረታቸው ተኝተው አገኘቻቸው።

«ዝቅ በይ ልጄ» አሏት በሹክሹክታ። «ገና አላለፉም።»

ማርያማዊት ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች።

«የዚህ ቤት ባለቤት ማነው?» አለች ጌም ቤቱ መሃል ቆማ።

አንድ ቀጭን ወጣት ተነሳ። ዓለምነው ይባላል። ቤቱን ያስተዳድራል፤ የተኩስ ጨዋታዎችን እየሞከረ «ይሄኛው ግሩም ነው፣ ያኛው አይረባም» የሚልበት ብዙ ተከታይ ያለው የቴሌግራም ቻናልም አለው።

«እኔ ነኝ እህቴ፤ ምን ልታዘዝ?»

«አንድ ሰው ወደዚህ ዓለም ለማምጣት ስንት ሰዓት እንደምቆም ታውቃለህ? እናንተ በደቂቃ አርባ ትገድላላችሁ። ግደሉ፤ ድምፁን ግን ቀንሱ። አባቴ አልጋ ሥር ገብተዋል።»

ከተጫዋቾቹ የሳቁ ነበሩ። ዓለምነው አልሳቀም። ዞር ብሎ የስፒከሩን ገመድ ነቀለው፤ ቤቱ ጭር አለ። ተያዩ። ገና የምትጨምረው ብዙ ነገር ነበራት፤ የሚከራከራት ስታጣ ግን አፏ ላይ ቀረ።

«ገብቼ ይቅርታ ልጠይቃቸው?» አላት።

ጠየቃቸው። በማግስቱም መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን። እሷ ተረኛ ስትሆን የዓይን ጠብታቸውን በሰዓቱ የሚያደርግላቸው፣ ክንዳቸውን ይዞ ፀሐይ የሚያሞቃቸው እሱ ሆነ።

«እውነቱን ንገረኝ» አለችው አንድ ቀን በር ላይ። «ለአባቴ ነው የምትመጣው ለእኔ?»

«የምመጣው ለአባባ ነው» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «የምቆየው ላንቺ ነው።»

ፈገግታዋን ልትደብቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እሱ ግን አይቶታል። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ።

ዓይናቸው በደንብ ማየት በጀመረ ሰሞን አቶ ሙላት «ያስፈራኝን ነገር በዓይኔ ልየው» አሉ። ዓለምነው ጌም ቤቱ ውስጥ አስቀመጣቸው፤ ማርያማዊት ከጎናቸው ቆመች።

«እንደ እውነቱ ነው አባባ፤ ጥላው፣ አቧራው፣ ቀለሁ ሳይቀር» አለ ዓለምነው፣ ቻናሉ ላይ እንደለመደው።

አቶ ሙላት ጆይስቲኩን እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው ያዙት። ጥቂት እንደተኮሱ አጠገባቸው ያለው ወታደር ወደቀ። መተኮስ አቆሙ። አውራ ጣታቸው ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ይዞር ጀመር።

«ሰው ማንሻው የትኛው ነው?»

«ማንሻ የለውም አባባ። ይለፉት፤ ወደፊት ነው።»

«ይሄ እኮ ነፍሱ አልወጣችም። ማንሻው የትኛው ነው?»

«ግድ የለም፣ በኋላ ራሱ ይነሳል።»

ማንሻውን ሲፈልጉ ተገደሉ፤ ቴሌቪዥኑ ቀላ። ጆይስቲኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ጓዴ አካለ ወልድ ቆስሎ በስሜ ጠርቶኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ወደፊት ተባልን፤ ጥዬው ሄድኩ። እሱ ራሱ አልተነሳም። የእናንተ ጦርነት ጥላውም አቧራውም ልክ ነው። ውሃ ጥም የለበትም፣ ቀባሪ የለበትም፣ ሰው ማንሻ የለበትም። ታዲያ ምኑ ነው እውነት?»

የዓለምነው ስልክ እንደ ወትሮው ጥግ ላይ ቆሞ ይቀርጽ ነበር። ማንም ልብ አላለውም።

አባቷ ሉማሜ በተመለሱ በሳምንቱ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ እየሳቀች ስልኳን ሰጠቻት። ከዓለምነው ቻናል የወጣ ቪዲዮ ነው፤ «አባባ ጌም ሲሞክሩ» ይላል። አቶ ሙላት «ማንሻው የትኛው ነው?» ባሉ ቁጥር የሰው ሳቅ ተጨምሮበታል። የአካለ ወልድ ነገር የለም። በሺህ የሚቆጠር ሰው እየተቀባበለ ይስቅባቸዋል። እስቲ ፍረዱ፤ የሰው ቁስል ቆርጦ ሳቅ የሚቀጥልበት ምን ዓይነት ልብ ነው?

«አካለ ወልድ የት ሄደ?» አለችው ጌም ቤቱ በር ላይ።

ወዲያው ገባው። «ረዝሞብኝ ነው ማርዬ። ሰው ረጅም ነገር አያይም። የሚያስቀውን አስቀድሜ ሌላውን በኋላ ልለቀው…»

«ለእናቴ እንኳ ያልነገሯትን ነው የቆረጥከው። ያውም ሳታስፈቅዳቸው።»

«አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሽማግሌ እንዳትልክ።»

መንገድ ላይ አላለቀሰችም፤ ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች። እንዲህ አድርጎም ትወደው ነበር፤ ይበልጥ ያናደዳትም እሱ ነው።

ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ሉማሜ፣ አባቷ ግቢ ውስጥ ስንዴ ታበጥራለች። ቀና ስትል ዓለምነው በሩ ላይ ቆሟል፤ ሽማግሌ የለ፣ አጃቢ የለ። በደለኛ እንደሚያደርገው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሷል። ትንሽ መርጦ እንደሆነ ብላ አየችው፤ ትንሽ አልነበረም።

«አባባ» አለ። «የነገሩኝን ቆርጬ መሳቂያ አደረግኩዎት። አካለ ወልድን ለሁለተኛ ጊዜ ጥዬብዎታለሁ።»

አቶ ሙላት ቪዲዮውን አይተውታል፤ የጎረቤት ልጆች አሳይተዋቸዋል።

«በእኔ በኩል አውርድ ብዬሃለሁ» አሉ። «እኔም ጥዬ የሄድኩ ሰው ነኝ። ልጄ ግን ተበድላለች፤ እሷ ካላለች አይወርድም።»

ማርያማዊት አላለችም። ስንዴዋን ማበጠሯን ቀጠለች። ድንጋዩን ሽቅብ ገፋ አድርጎ ሲያስተካክል ሰፌዱን ይዛ ጠጋ አለችው።

«ከብዶሃል?»

«ከብዶኛል።»

«ይክበድህ» ብላ ተመለሰች።

አንድ ሰፌድ አበጥራ ሌላ ጨመረች። አባቷ ከተቀመጡበት ጠሯት።

«ማርያማዊት» አሉ። «ይሄም እኮ ነፍሱ አልወጣችም።»

እጇ ቆመ። ሰፌዱን አስቀምጣ ሄደችና ሁለት እጇን ከድንጋዩ ሥር አስገባች።

«ተናድጄ ነው ያለሁት» አለችው ጆሮው ሥር።

«አውቃለሁ።»

«ገና ብዙ እናደዳለሁ።»

«እሺ።»

«በል አውርድ።»

አብረው አወረዱት። የአቶ ሙላት ጠብታ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ዓለምነው እጁን ታጥቦ አደረገላቸው።