የብርቱካን ልጣጭ

«ጥርስ!» ብለው ጮኹ ኮች።

በቦክስ ክለቡ አዳራሽ ይህ ቃል ከተሰማ ቀልድ የለም። ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙት ልጆች አፋቸውን ይከፍታሉ፤ እያንዳንዷ የጓደኛዋን አፍ አጮልቃ ታያለች። የጥርስ መከላከያው፣ እነሱ «ጎማ» የሚሉት፣ በቦታው ካለ «አለ!» ብላ ትጮኻለች። ኮች ራሳቸው አይፈትሹም። «የጓደኛሽን ጥርስ የምትጠብቂው አንቺ ነሽ፤ እኔ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም» ይላሉ።

ድንቢጥ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች። ድንቢጥ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ከክለቡ ልጆች ሁሉ አጭር በመሆኗ ተለጥፎባት የቀረ ነው። አፏን ከፍታ ፊቷ የቆመችው የልብ ጓደኛዋ ሳቂታ ናት። የእሷም ስም በከንቱ አልወጣላትም። ይቺ ልጅ ፈተና ወድቃም ትስቃለች።

ታዲያ የሳቂታ ጥርስ ላይ ያለው ጎማ አልነበረም። በጥርሷ ልክ የተቆረጠ የብርቱካን ልጣጭ ነበር።

«ምንድነው ይሄ?» አለች ድንቢጥ በሹክሹክታ።

«ቀስ በይ! ጎማዬን ጉድ ሠራሁት። ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ ለስለስ ሲል አውጥተሽ ንከሺው፣ በጥርስሽ ልክ ይሆናል አይደል የሚሉት? ስልኬን ሳይ ረሳሁት። ስመለስ የታኘከ ማስቲካ ሆኖ ጠበቀኝ።»

«በቃ ዛሬ አትጋጠሚያ!»

«አብደሻል? ለውድድሩ የሚመርጡት እኮ ዛሬ ነው! በናትሽ አለ በይልኝ። የምጋጠመው ካንቺ ጋር ነው፤ አንቺ ፊቴን ካልመታሽኝ ማን ይነካኛል?»

ድንቢጥ ወዲያ ወዲህ አየች። ኮች ወደ እነሱ እየመጡ ነው።

«እሺ፣ ፊትሽን አልነካም» አለችና ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «አለ!» ብላ ጮኸች።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ጨዋታ ነበር። ሆድ ላይ፣ ትከሻ ላይ፣ ቸብ ቸብ። በሁለተኛው ዙር ግን ሳቂታ ሞቅ አላት። ድንቢጥን ገመዱ ጥግ አስጠግታ ጎን ጎኗን ታወርድባት ጀመር። ዳር የቆሙት «ድንቢጥ፣ ብረሪ እንጂ!» እያሉ ሳቁባት። ኮች ብዕራቸውን አውጥተው ወረቀታቸው ላይ ሲጽፉ አየች። በቃ፣ የሳቂታን ስም ነው የጻፉት! ደሟ ፈላ። ቀኝ እጇ ቀጥ ብሎ ወጣና የሳቂታ አፍ ላይ አረፈ።

ቀጭ አለ።

ልጣጩ መሬት ላይ ወደቀ። አጠገቡ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ወደቀች። የሳቂታ የፊት ጥርስ ግማሽ ነበረች።

ኮች ልጣጩን አንስተው አገላብጠው አዩት። «ይሄ ምንድነው?» አሉ። ድንቢጥ ዓይኗን ከልጣጩ አሸሸች። ሳቂታ ግን ደሟን በፎጣ እንደያዘች፣ «የኔ ጥፋት ነው። ጎማው ሲያቅለሸልሸኝ፣ ድንቢጥ ካየችኝ በኋላ አውጥቼ ይሄን ከተትኩ። እሷ ምንም አታውቅም» አለች።

ሳቂታ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከክለቡ ታገደች። ለውድድሩ የተመረጠችው ድንቢጥ ሆነች። ቀዩን የውድድር መለያ ሲሰጧት ልጆቹ አጨበጨቡላት፤ እሷ ግን ጭብጨባው እስኪያልቅ ቀና አላለችም።

በሦስተኛው ቀን ሳቂታን ልትጠይቅ ሄደች። የሳቂታ እናት ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸውን አቁመው በሩን ከፈቱላትና አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ።

«የኔ ልጅ! ያን ቀን ደግፈሽ ባታመጪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር? እህት ማለት እንዳንቺ ነው!»

ድንቢጥ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሳቂታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ድንቢጥን ስታይ ሳቀች፤ ወዲያው ግን አፏን በመዳፏ ከደነችው። ያ አዳራሽ የሚሞላው ሳቅ ከእጇ ጀርባ ሳል መሰለ።

«ለምን እንደዚያ ብለሽ ዋሸሽ?» አለቻት ድንቢጥ።

«እና ሁለታችንም እንቅር? ፋራ አትሁኚ፣ አንዳችን እንኳ እንሂድ እንጂ።» ሳቂታ እጇን ከአፏ ሳታነሳ ቀጠለች። «ደግሞ አውቀሽ የመታሽኝ እንዳይመስልሽ። እጅሽ አምልጦሽ ነው። እኔ አላውቅሽም እንዴ?»

ድንቢጥ ጫማዋን አየች። «እ…» አለች። በስንት ቡጢ ፊት ያልሸሸች ልጅ አንዲት ዓረፍተ ነገር አቃተቻት! ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ራሷን ስትሰድብ ሄደች። እጇ አላመለጣትም። ሳቂታ አፍ ውስጥ ያለው ልጣጭ መሆኑን እያወቀች፣ አልነካም ብላ ቃል ሰጥታ፣ መታቻት። ይህን የሚያውቅ ደግሞ ከእሷ በቀር ማንም የለም።

በሚቀጥለው ልምምድ ኮች ከአንዲት አዲስ ልጅ ጋር አጋጠሟት። «ጥርስ!» ሲባል ልጅቷ አፏን ከፍታ ዓይኗን ጨፈነች። አዲስ ሰማያዊ ጎማ በቦታው አለ። ድንቢጥ አየችው። «አለ» ማለት ብቻ ነበር የቀራት።

«ድንቢጥ! ምነው?» አሉ ኮች።

ድንቢጥ የራሷን ጎማ አወጣች፤ እሱን ይዞ መናገር ትኩስ ድንች ጎርሶ እንደማውራት ነው።

«ኮች… የዛሬው አለ። ያን ቀን ግን አልነበረም። ልጣጩን አይቼ ነው አለ ያልኩት።»

አዲሷ ልጅ ዓይኗን ገለጠች፤ አፏን መዝጋት ግን ረስታለች።

ኮች ወደ እሷ መጡ። «ለምን ዛሬ ነገርሽኝ?»

«ዛሬ ካልነገርኩዎት መቼም የምነግርዎት አልመሰለኝም።»

«መለያውን ወንበሩ ላይ አስቀምጪው። የጓደኛሽንም ነገር እንደገና አየዋለሁ» አሉ ኮች። «ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«አለ። ግን ለእርስዎ አይደለም» አለችና ጓንቷን አወለቀች።

እነሳቂታ ቤት ስትደርስ የስፌት መኪናው ድምፅ እስከ ውጭ ይሰማል። ድንቢጥ በሩን አንኳኳች። ዛሬ የከፈተችው ሳቂታ ነበረች፤ መዳፏ አፏ ላይ ነው።

«አንቺ! ልምምድ የለም እንዴ? ግቢ እንጂ!»

ድንቢጥ ከደጃፉ አልተንቀሳቀሰችም። ከገባች እናትየው እንደገና አቅፈው እህት እንደሚሏት ታውቃለች።

«ሳልገባ ልንገርሽ» አለች። «ያን ቀን እጄ አምልጦኝ አይደለም።»