ሁለት ላይ የቆመው ቆጠራ

ይሄ የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው። ከሰው አፍ የለቀምኩት አይደለም። ካላመናችሁኝ አልቀየማችሁም፤ እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ "አንቺ ልጅ፣ እንቅልፍ ያስፈልግሻል" ብዬ ነበር የማልፈው።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም።

ማክሰኞ... ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጎረቤታችን ልብስ እያሰጣች ነበር።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

የምሠራው የስልክ ድርጅት ውስጥ ነው። ሮሚንግ ክፍል። ሮሚንግ ማለት ስልካችሁን ይዛችሁ ሌላ አገር ስትገቡ፣ የዚያ አገር ድርጅት ኔትወርኩን ያውሳችኋል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኛ ደግሞ ውሰቱ በደንብ መሥራቱን እንፈትሻለን።

አሁን አሁን ድምፅ የሚሄደው እንደ ኢንተርኔት በዳታ ነው። በዚህ አሠራር ሰውየው ዓለም ጫፍ ላይ ቢሆን እንኳ፣ ድምፁ መጀመሪያ ተመልሶ ወደ ገዛ አገሩ ኔትወርክ ይመጣል። ወደሚያናግረው ሰው የሚያልፈው ከዚያ ነው። ክፍላችን ውስጥ "ቤት ሳይደርስ አይሰማም" እንላለን። መንገዱ ስለሚረዝም ድምፁ ዘግየት ይላል። ያቺን መዘግየት ጆሮዬ ያውቃታል።

ደግሞ ሰው ዝም ሲል፣ ስልኩ ራሱ ሽሽሽ የሚል ለስላሳ ድምፅ ይፈጥራል። ጭር ካለ ሰው "መስመሩ ሞተ" ብሎ ስለሚዘጋ ነው። የምትሰሙት ዝምታ የውሸት ነው ማለት ነው።

ይህችን ያዙልኝ።

ፍተሻው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ውጭ አገር ሆኖ ይደውላል፣ ሌላው ቢሮ ቁጭ ብሎ ያነሳል። ሰዓታችን ሁልጊዜ ቀን ስምንት ነው። የደወለው ከአንድ እስከ አሥር ይቆጥራል። ያነሳው ከአሥር ወደ አንድ ይመልስለታል። መሀል ላይ ቁጥር ከጠፋ፣ መጨረሻ የተሰማውን በጥያቄ መድገም ነው። "ስድስት...?" ስትባሉ "አምስት" ብላችሁ ትቀጥላላችሁ።

"አንድ" ሲባል ፍተሻው ይዘጋል። ከዚያ በፊት መዝጋት በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

ቢሮ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ።

የሚጓዘው... ባለቤቴ።

ቢሮ ውስጥ "ቆጣሪው" ነበር የሚሉት። ቤትም ሳኮርፍ ፊቴ ተቀምጦ ከአንድ እስከ አሥር ይቆጥርልኛል። እኔም ሳልወድ በግዴ እየሳቅኩ እመልስለታለሁ። የእኛ ዕርቅ እንደዚህ ነበር።

ከአምስት ወር በፊት፣ ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደወለ። ቅዳሜ እመጣለሁ ያለው ሰውዬ "ሁለት ሳምንት ተጨመረብኝ" አለኝ።

ነደደኝ።

"እዚያው ቅር!" አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ መቁጠር ጀመረ። "አንድ... ሁለት... ሦስት..." እያለ አሥር ደረሰ። ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

ዘጋሁበት።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ የተሳፈረባት መኪና ተገለበጠች።

ሣጥኑ በስድስተኛው ቀን መጣ። "አይከፈትም" ተባልን። ሻንጣው መጣ፣ ጫማው መጣ፣ የጥርስ ብሩሹ ሳይቀር መጣ። መሞከሪያ ስልኩ ብቻ አልተገኘም።

እንባ እጠብቃለሁ... እንባ የለም። ደንዝዣለሁ። "አይዞሽ" ሲሉኝ "እሺ" እላለሁ። "ብይ" ሲሉኝ እበላለሁ። በተቀበረ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ሰው በሆዱ "ይቺ ሴት ድንጋይ ናት" ሳይል አልቀረም፤ ልክ ነበሩ።

ኮምፒውተሩ ላይ የዚያ ቀን ፍተሻ "ክፍት" ይላል። አለቃችን "ኧረ ዝጊው" ሲለኝ "እሺ" እለዋለሁ። አልዘጋውም።

አሁን ወደ እናቱ ልምጣ።

እማማ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። ልባቸው ደካማ ነው። ሐኪሙ "ድንገተኛ ነገር እንዳይሰሙ" ብሎ አስጠንቅቆኛል። ስለዚህ መርዶውን ደበቅኳቸው። ቀብሩም ለቅሶውም በታላቅ ወንድሙ ቤት በኩል ሆነ። ለእሳቸው "ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም" አልኳቸው።

የስልክ ድርጅት ሠራተኛ "ኔትወርክ የለም" ብላ አምስት ወር ዋሸች። ይሳቅ ከተባለ ይሄ ነው የሚያስቀው።

"ድምፁን ብቻ አሰሚኝ" ይሉኛል። ጠዋት። ማታ። ምግብ አፋቸው አልገባ አለ። አንገታቸው እየቀጠነ ሄደ። ብነግራቸው ልባቸው ይቆማል፣ ባልነግራቸው በናፍቆት ያልቃሉ።

ታዲያ አንድ ረቡዕ የማይሠራ ሥራ ሠራሁ።

ቢሮ የፍተሻ ቅጂዎች አሉን። የሱን ድምፅ አወጣሁ። አሥራ አራት ሰከንድ ነው። ከአንድ እስከ አሥር ይቆጥርና "ይሰማል? እሺ፣ ደህና ዋሉ" ይላል። ሰባት ላይ የመኪና ጥሩንባ አለ። ከመሞከሪያ ማሽናችን፣ የሱ ቁጥር እንዲታይ አድርጌ፣ ወደ እማማ ባለቁልፍ ቀፎ ደወልኩና ቅጂውን ለቀቅኩት።

"ይሰማል! ይሰማል የኔ ልጅ!" ሲሉ ሰማኋቸው።

ያን ቀን ሳህኑን ጥርግ አድርገው በሉ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ሌባ እንኳ ትንሽ ይፈራል።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያደረግኩት። ፈጣሪ ምስክሬ ነው... አንድ ጊዜ ብቻ።

ከዚያ ወዲህ እማማ "ድምፁን አሰሚኝ" ማለት ተዉ። ገርሞኝ ነበር፤ ግን ደግ ነገር ሲገኝ ማን ይመረምራል?

በዚያው ሳምንት እሁድ ድርጅታችን አሮጌውን ኔትወርክ ጨርሶ ዘጋው። ሁሉ ነገር በዳታ ሆነ። የድሮ ቀፎዎች ከዚያ በኋላ ጌጥ ናቸው፤ አይደውሉም፣ አይደወልላቸውም። የእማማም ቀፎ እንደዚያው። እውነቱን ልናገር? ተገላገልኩ አልኩ።

ሰኞ ከሥራ ስገባ እማማ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቀፎውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

"ዛሬም ደወለ" አሉኝ።

"ማን?"

"ሌላ ማን ይደውልልኛል ብለሽ ነው?"

ቀፎውን ተቀበልኳቸው። ስክሪኑ ላይ... "አገልግሎት የለም"።

እርጅና ነው ብዬ ልተወው ነበር።

"ቧንቧውን አሠሪው ብሎሻል" አሉኝ።

የኩሽናችን ቧንቧ ማንጠብጠብ የጀመረው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ቢሮ ገባሁና የጥሪ መዝገቡን ከፈትኩ። የሱን ቁጥር አስገባሁ።

ረቡዕ፣ ስምንት ሰዓት፣ አሥራ አራት ሰከንድ። ይሄ የኔ ነው።

ሐሙስ፣ ስምንት ሰዓት... አርባ ደቂቃ።

ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት... አርባ ደቂቃ።

ቅዳሜ። እሁድ። ሰኞ።

ጥሪው ከየትኛው አገር ኔትወርክ እንደተነሳ የሚያሳይ ዓምድ አለ። ሐሙስ ከሞተበት አገር ነው። ዓርብ ከዚያ ወዲህ ካለው አገር። ቅዳሜ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ካለው። እሁድና ሰኞ ከጎረቤት አገር፣ ከድንበሩ ማዶ።

እየመጣ ነበር።

"አለቃ፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ" አልኩ።

ጎንበስ ብሎ አየ። "ሲስተም ነው። አሮጌውን ስንዘጋ ተምታትቶበት ነው" አለ።

"የማይሠራ ቀፎ አርባ ደቂቃ ያወራል እንዴ?"

አለቃችን ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ያን ቀን ግን መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"ቤትሽ ሂጂ" አለኝ ቀስ ብሎ።

ከመነሳቴ በፊት ገጹን አደስኩት። አዲስ መስመር ገባ። የዛሬው ነው። ጥሪ ገና የለም፣ ስልኩ ኔትወርክ ውስጥ መግባቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። "ሮሚንግ" በሚለው ሥር እንዲህ ይላል...

"የለም።"

አገር ገብቷል ማለት ነው። አጠገቡ ስልኩን የያዘው አንቴና ቁጥር ተጽፏል። ያንን አንቴና አውቀዋለሁ። ከመኝታ ቤታችን መስኮት ይታያል።

ታክሲ ውስጥ ቆርጬ ወሰንኩ። ልባቸው ቢቆምም እነግራቸዋለሁ። ይሄን ነገር የጠራው የእኔ ውሸት ነው፣ የማቆመውም እኔ ነኝ አልኩ።

ስደርስ ለስምንት አምስት ጉዳይ ነበር። የግቢው በር ተከፍቷል። እማማ እንዲህ ክፍት አድርገውት አያውቁም።

"እማማ..."

"እሽሽ... ሊደውል ነው።"

"እማማ፣ ልጅዎ... ሞቷል። አምስት ወር ሆነው።"

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

"አውቃለሁ" አሉ።

"እንዴት...?"

"ሐሙስ ለት ራሱ ነገረኝ። 'እስክትነግርሽ ጠብቂያት፣ አታስጨንቂያት' አለኝ።"

አጠገባቸው ዘጭ አልኩ።

"ታዲያ... አርባ ደቂቃ ሙሉ ምን ያወራል?"

"ብዙም አያወራ። ይቆጥራል።" ቀፎውን በቀሚሳቸው ጠረጉት። "አሥር ይደርስና ዝም ይላል። ደግሞ ከአንድ ይጀምራል። እኔ ምን ብዬ ልመልስለት? የእናንተን ሥራ አላውቅ።"

ቀፎው ጮኸ።

ስክሪኑ "አገልግሎት የለም" እንዳለ ነው።

"ላንቺ ነው" አሉኝ።

አነሳሁት።

"አንድ..."

የሱ ድምፅ ነው። ቅጂው ነው፣ የሆነ ቦታ ተሰንቅሮ ቀርቶ ነው አልኩ ለራሴ። ሰባት ላይ ጥሩንባውን ጠበቅኩ።

"ሰባት..."

ጥሩንባ የለም።

በጥሩንባው ፋንታ... ጠብ። ጠብ። ጠብ።

ውሃ ነው። በአንዱ ጆሮዬ ከስልኩ፣ በሌላው ከኩሽናችን። እኩል ነው የሚሰማው። ምንም መዘግየት የለውም።

"አሥር" አለ።

ጠበቀኝ። ያ ሽሽሽ የሚለው የውሸት ዝምታ አልነበረም። የእውነት ዝምታ ነበር።

አፌ ብቻውን ጀመረ።

"አሥር... ዘጠኝ... ስምንት..."

እማማ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው አብሮኝ ይንቀሳቀሳል።

"...አራት... ሦስት... ሁለት..."

ቆምኩ።

"አንድ" ካልኩ ይዘጋል። አምስት ወር ሙሉ በድን የነበረው ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተላወሰ። ፍርሃት መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ናፍቆኝ ነው። እንዲህ ናፍቆኝ እንደነበር እስከዚያች ደቂቃ አላወቅኩም።

"ጨርሺለት" አሉ እማማ በሹክሹክታ።

"ካልኩት ይሄዳል..."

"ካላልሽውስ የት ይደር፣ ልጄ?"

ቀፎውን ጭኔ ላይ አወረድኩት።

ኩሽና ውስጥ ቧንቧው ጠብ ማለቱን አቆመ።

ተነስቼ ሄድኩ። ማንም የለም። ቧንቧው ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ያ ከሣጥኑ ጋር ያልመጣው መሞከሪያ ስልክ ተቀምጧል።

ስክሪኑ በርቷል። ጥሪ ላይ ነው። የጥሪው ሰዓት ይቆጥራል። ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሰዓት አልፏል።

ያን ለት የዘጋሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እሱ አልዘጋውም።

ይሄ ከሆነ ወር ሊሞላው ነው።

"አንድ" የሚለውን ቁጥር እዚህ ጻፍኩት እንጂ ከዚያ ወዲህ በአፌ ጠርቼው አላውቅም። ዳቦ ስገዛ ጣቴን ነው የማነሳው። ባለሱቁ "ቁጥር ጠፋሽ እንዴ?" እያለ ይስቅብኛል። እማማ አኩርፈውኛል፤ ምግብ አቀርብላቸዋለሁ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ስልኩ እዚያው ዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ነው። ቻርጅ አድርጌው አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ጆሮዬን ሳስጠጋ ሽሽሽ ይላል፣ ሰው መስመሩ ሞተ ብሎ እንዳይዘጋ።

ቀን ስምንት ሰዓት ሲሞላ ሽሽሽ ማለቱን ያቆማል።

"ሁለት...?" ይላል።

ከዚያ ይጠብቃል።