የሱሀይላ አልጋና የኮሶው ጥንዚዛ

ሳጥኑ የለም።

ቁም ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ አልተሰበረም፤ መስኮቱም ደህና ነው። የባዮሎጂ መምህርቷ ኡሙልኸይር የቤተ ሙከራውን መደርደሪያ ሦስት ጊዜ ዳበሰች። እጇ ባዶውን ተመለሰ።

በሳጥኑ ውስጥ የነበሩት ሁለት የደረቁ ጥንዚዛዎች ናቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። የወንዱ ቀንድ የገላውን እጥፍ ይረዝማል። ሁለቱም ጀርባቸው ላይ ቢጫ መቀነት ታጥቀዋል። እስከዛሬ ሳይንስ ስም አላወጣላቸውም። ኡሙልኸይር አራት ዓመት ሙሉ የቀንዳቸውን አንጓ ቆጥራ፣ ዘመድ ከተባለ ጥንዚዛ ሁሉ ጋር አስተያይታ፣ አዲስ ዝርያ መሆናቸውን ጽፋ ጨርሳለች። የቀረው ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ወስዶ ለሙዚየም ማስረከብ ነው። ናሙናው ካልገባ ጽሑፉ አይታተምም።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። የአራት ዓመት ልፋት ውሃ ሊበላው ነው።

ሳጅን ቢተው መጥቶ ደብተሩን ገለጠ።

“ምን ተሰረቀ?”

“ጥንዚዛ።”

“ስንት?”

“ሁለት።”

“ሁለት ኩንታል?”

“ሁለት ጥንዚዛ!”

ሳጅኑ ሳቁን በጢሙ ስር ቀበረ። ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነውና ወዲያው ኮስተር አለ። “ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?”

ኡሙልኸይር ሳትወድ፣ “ጋሽ ታደለ” አለች።

ጋሽ ታደለ የጥብቅ ደኑ ጠባቂ ናቸው። ጥንዚዛዎቹን በወደቀ የኮሶ ግንድ ውስጥ ያገኙት እሳቸው ናቸው። ሰኞ ሊያዩዋቸው መጥተው ነበር። በዚህ ምክንያት ማክሰኞ ማታ እስር ቤት አደሩ።

ኡሙልኸይር ረቡዕ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

“ልጄ፣ እኔው ላግኛቸው፣ እኔው ልስረቃቸው?”

እንባዋ መጣ። “አብሽሩ ጋሽ ታደለ። በኔ ጦስ ነው። ወላሂ አወጣዎታለሁ።”

እንዴት እንደምታወጣቸው ግን አታውቅም። ይህን እያሰበች ሳለ አንዲት ወጣት በሩን በርግዳ ገባች። ሱሀይላ ናት፤ ከጅዳ ተመልሳ ከተሞሸረች ወሯ ነው።

“ሳጅን፣ ወይ አናጺው ምንይችል የሠራልኝን አልጋ ይውሰድልኝ፣ ወይ እኔን እሰሩኝ!”

“ደግሞ አልጋው ምን ሆነ?”

“ያኝካል! አማቴ ጂኑን ከዓረብ አገር ይዘሽው መጣሽ እያሉ ለሰፈር አወሩብኝ። ባሌም መጠራጠር ጀምሯል። ምንይችል ደግሞ፣ አልጋው ዋንዛ ነው፣ ጂኑ ያንቺ ነው ይለኛል።”

“እህቴ፣ ጂን በፖሊስ አይያዝም።”

ኡሙልኸይር ግን ቀና አለች። “ድምፁ ምን ይመስላል?”

“ክርት… ክርት… ጥርስ እንዳለው።”

“ከሥሩ ዱቄት ይገኛል?”

“በየጠዋቱ እጠርጋለሁ። በምን አወቅሽ?”

ጂን ዱቄት ሲጥል ተሰምቶ አያውቅም፤ እንጨት የሚበላ እጭ ግን ይጥላል።

ሳጅኑን ጎትታ ሄደች። ጋሽ ታደለም፣ እንጨት ይለያሉ ተብለው፣ አብረው ተወሰዱ። የሱሀይላ አማት እማማ ኡምኩልሱም በሩ ላይ ቆመው በዱዓ ተቀበሏቸው። አልጋው ቫርኒሹ ፊት ያሳያል። ሳጅኑ በሰንጢ ፋቅ ቢያደርገው ቀይ ሆኖ ወጣ።

ጋሽ ታደለ ጎንበስ ብለው አዩና፣ “ይሄ ዋንዛ ከሆነ እኔም ሙሽራ ነኝ። ኮሶ ነው! እንዲህ የወፈረ ኮሶ ደግሞ ካለኔ ደን የለም” አሉ።

በዚህ ቅጽበት ከአልጋው እግር፣ ከአንዲት ክብ ቀዳዳ፣ ቀጭን ቀንድ ብቅ አለ። ሌላውም ተከተለ። ወጡ፣ ወጡ፣ አላልቅ አሉ። በመጨረሻ ባለቤቱ ቢጫ መቀነቱን ታጥቆ ብቅ አለ።

“አልሐምዱሊላህ!” ኡሙልኸይር ጮኸች። “ወንዱ ነው!”

“ሴቷስ?” አለ ሳጅኑ፤ አሁን ሳቁ ጠፍቷል።

“ቁረጡት!” አለች ሱሀይላ። “እኔ መሬት እተኛለሁ!”

የአልጋው እግር በመጋዝ ተቆረጠ። ሴቷም ወጣች።

ያኔ ኡሙልኸይር አንድ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ወር በከተማው ስብሰባ ላይ፣ “ይህ ጥንዚዛ ከኮሶ ሌላ አያድርም። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ የእሱ ቀዳዳ ያለበት ሳንቃ ከተገኘ፣ ከደኑ ለመሰረቁ ማስረጃ ይሆናል” ብላ ነበር። ፊት ወንበር ላይ ሆኖ ያጨበጨበላት አናጺው ምንይችል ነው። የቤተ ሙከራውን ቁም ሳጥን የሠራውም እሱ ነው።

ምንይችል ከሱቁ ፈገግ ብሎ ተቀበላቸው።

“አልጋው ከምን ተሠራ?” አለ ሳጅን ቢተው።

“ከዋንዛ።”

“ኮሶ ነው።”

“እንግዲያው ሳንቃውን የሸጠልኝ ሸውዶኛል።”

“ትምህርት ቤቱን ከረገጥክ ስንት ጊዜህ?”

“ዓመት አልፎኛል።”

ኡሙልኸይር አፍንጫዋን አነሳች። በቫርኒሹ ሽታ መሐል ለናሙናዎቿ የምትጠቀምበት የብል መድኃኒት ሸተታት። ሽታው የሚመጣው ከመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ፣ ምስማር ከሞላባት ትንሽ ሳጥን ነው። ምስማሩን ዘርግፋ ሳጥኗን ገለበጠቻት። ከሥሯ የኡሙልኸይር የእርሳስ ጽሕፈት አለ፦ “ከኮሶ ግንድ፤ ያገኘው፦ ታደለ።”

አመል ያወጣል ከመሐል። አናጺ ነውና እንዲህ በደንብ የተሠራች ሳጥን መጣል አልሆነለትም።

“ቁም ሳጥኑን ስትሠራ ትርፉን ቁልፍ አስቀርተሃል” አለ ሳጅኑ። “ጥንዚዛዎቹስ?”

ምንይችል አንገቱን ደፋ። ከዚያ በእልህ ቀና ብሎ ወደ ኡሙልኸይር ዞረ። “ከሰጋቱራው ጋር አቃጠልኳቸው። አሁን ናሙና የለሽም። ያለ ናሙና ጽሑፍሽ ባዶ ወረቀት ነው፤ አንቺው ነሽ በስብሰባው ያልሽው። እንጀራዬን ልትዘጊ ነበር!”

ኡሙልኸይር ከቦርሳዋ ብርጭቆ ማሰሮ አወጣች። ውስጡ ሁለት ነፍስ ይርመሰመሳል።

“የደረቁትን አቃጠልክ። በሕይወት ያሉትን ግን አንተው አልጋ ውስጥ አሽገህ፣ ቫርኒሽ ቀብተህ፣ እስከ ከተማ አመጣህልኝ። አላህ ይስጥህ።”

ጋሽ ታደለ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። ካቴናውም ከሳጅኑ ወገብ ወርዶ ምንይችል እጅ ላይ ገባ።

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያው ሞልቷል። ኡሙልኸይር ማሰሮዋን አቅፋ፣ አውቶቡሱ ደጃፍ ቆማለች። ጋሽ ታደለ፣ ሱሀይላና እማማ ኡምኩልሱም ሊሸኟት መጥተዋል። ሳጅን ቢተው ቦርሳዋን ይዞላታል።

“ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የዚህንስ ማን ያወጣዋል?”

“ያገኘው ሰው ስም ጽሑፉ ውስጥ ሰፍሯል” አለች ጋሽ ታደለን እያየች። ከዚያ የጽሑፏን የመጀመሪያ ገጽ አወጣች። የቀድሞው ስም በእርሳስ ተሰርዞ፣ በላዩ ሌላ ተጽፏል። ለሱሀይላ አሳየቻት።

ሱሀይላ አነበበች። እንደገና አነበበች።

“የኔን ስም? በጂን የተሰደብኩትን?”

“ያንቺን። ዓለም ጥንዚዛውን በዚህ ስም ይጠራዋል።”

እማማ ኡምኩልሱም አንገታቸውን አስግገው ወረቀቱን አዩ። ማንበብ አይችሉም፤ የተባለውን ግን ሰምተዋል። ወደ መናኸሪያው ሕዝብ ዞረው ነጠላቸውን አስተካከሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦

“ሰማችሁ? የማን ምራት መሰለቻችሁ? የኔ ናት!”