የአባባ ጋረደው በር

«ንገሪው እንጂ፣ ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ!» አለ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም በዐረብኛ። ከኋላው ዶዘሩ ያጓራል።

መክሊት ወደ ቤቱ ዞረች። አያቷ አባባ ጋረደው ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አስጠግተው ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ከከበደ ቆይቷል፤ ተጠግታ ካልጮኸችላቸው አይሰሙም። እናቷ ሰሊጥ አጨዳ ከወጣች ሰንብታለች። የሰፈሩ ግማሽ ፈርሷል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከጎንደር ተሰደው ሱዳን፣ ገዳሪፍ የገቡ ሰዎች፣ ጭቃ አቡክተው ያቆሙት ሰፈር ነበር። አሁን ለእህል ገበያው መንገድ ይፈለጋል ተባለ።

«ምትክ ቦታስ?» ስትል ሹሙን ጠየቀችው።

«ለሐበሻ ምትክ የለም። መሬቱ የሁኩማ ነው፣ የመንግሥት! ኸላስ፣ አለቀ! ካልተነሳ ፖሊሶቹ ይጎትቱታል።»

ትናንት ጎረቤታቸውን አቶ አዳሙን እንዲያ ሲጎትቱ ክንዳቸውን ሰብረዋቸዋል። አባባ ደግሞ «ምትክ ሳይሰጡኝ አልነሳም፤ ከነቤቴ ይቅበሩኝ!» ብለው ምለዋል። አንዴ ከማሉ ማሉ ነው።

«ምን አለ?» አሏት።

ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች።

«ምትክ ሰጡን፣ አባባ! ይነሱ!»

ፊታቸው በራ። «እሰይ! አላልሁሽም?» ብድግ አሉና በሩን ከማጠፊያው ይነቅሉ ጀመር። በወጣትነታቸው ራሳቸው የጠረቡት በር ነው። «አዲሱ ቤት በር ይፈልጋል። ነይ፣ በዚያ በኩል ያዥልኝ።»

በሩን ከፊትና ከኋላ ተሸክመው መንገዱን ተሻገሩ። ዶዘሩ ግድግዳውን ሲንደው መክሊት መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። አባባ ግን ዞረው አላዩም።

«በየት በኩል ነው፣ ልጄ?» አሉ ላባቸው እየተንጠባጠበ። «ውሃ ቅርብ ነው? እናትሽ ስትመጣ ደስ ይላታል።»

በፈለገችው በኩል ብትጠቁም ይከተሏታል። እስኪመሽ ድረስ ይህን በር ተሸክመው፣ አንዴም ሳይጠራጠሯት ይከተሏታል።

መክሊት የበሩን ጫፍ ቀስ አድርጋ መሬት አሳረፈችና ወደ ጆሯቸው ተጠጋች።

«ዋሽቼዎታለሁ፣ አባባ። ቦታ የለም። እንዳይጎትቱዎት ብዬ ነው።»

አባባ ወደ ፈረሰው ቤት ዞሩ። ሊሰድቧት፣ ምናልባትም ወደ ፍርስራሹ ሊመለሱ መስሏት እጅጌያቸውን ያዘች።

እሳቸው ግን በሩን መንገዱ ዳር ካለ ግራር ሥር አጋደሙት። ጫፉ ላይ ተቀመጡና፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት፣ ፈቀቅ አሉላት።